ባህር የሌለበት ሰፈር ሆኖ የስኩባ ዕቃ መግዛት፦ ከሱቅ ወይስ ከኦንላይን?

ቤቴ ፉሪ ነው። ከለቡ ባቡር ጣቢያ ብዙም አይርቅም። ከዚያ ተነስቶ ጅቡቲ የሚደርሰው ሐዲድ ወደ 750 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። የኔ ቅርብ ባህር እንግዲህ እዚያ ነው።

ይህን የማነሳው ስለ ስኩባ (አየር የተሞላ ሲሊንደር ተሸክሞ ውሃ ውስጥ መጥለቅ) ዕቃ የሚሰጥ ምክር ሁሉ "መጀመሪያ ሰፈራችሁ ያለውን የዳይቪንግ ሱቅ ጎብኙ" ብሎ ስለሚጀምር ነው። የኔ ሰፈር ያለው ወፍጮ ቤት፣ ብሎኬት ማምረቻ እና አንድ ልብስ ሰፊ ነው። (ልብስ ሰፊው በኋላ ይመጣል። ትንሽ ጉድ ሠርቶኛል።)

ግን "ከሱቅ ልግዛ ወይስ ኦንላይን ልዘዝ?" የሚለው ጥያቄ ለእኛም አይቀርም። እንዲያውም ይብስብናል። ባህር ዳር የሚኖር ሰው ዕቃው ካልሆነለት በማግስቱ ይመልሳል። እኛ ከተሳሳትን ወይ ዕቃውን ቁም ሳጥን ውስጥ እንቀብረዋለን፣ ወይ በቴሌግራም "ያልተነካ፣ በቅናሽ" ብለን እንለጥፋለን። ማን ይገዛል? ማንም።

1. መጀመሪያ ቁጠሩ

በዓመት ስንት ቀን ውሃ ውስጥ ትገባላችሁ? በሐቀኝነት። "እሄዳለሁ" ያላችሁትን ሳይሆን የሄዳችሁትን ቁጠሩ።

የመጥለቅ ኮርሱን ገና ልትወስዱ ከሆነ ምንም አትግዙ። አብዛኛውን ጊዜ ማሰልጠኛው ዕቃውን ራሱ ይሰጣል። በዓመት አንድ ጊዜ ለሦስት ቀን የምትሄዱ ከሆነ የራሳችሁ ማስክ (ዓይንና አፍንጫን የሚሸፍነው የመጥለቂያ መነጽር) ይበቃል፣ ሌላውን ተከራዩ። በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ የምትወርዱ ከሆነ የቀረውን አንብቡ።

2. "ሱቅ" ስንል የትኛው ነው?

አንደኛው ሱቅ መርካቶ እና ቦሌ አካባቢ ያለው የስፖርት ዕቃ ሱቅ ነው። አንዴ መርካቶ ገብቼ "ማስክ አላችሁ?" ብል ልጁ የፋርማሲ ማስክ ይዞልኝ መጣ። "የዋና" ስለው ጎግል (የዋና መነጽር) አመጣ። ጎግል ለመዋኛ ገንዳ ነው። አፍንጫን አይሸፍንም። በባህር 10 ሜትር ስትወርዱ በላያችሁ ያለው ግፊት ላይኛው አየር ላይ ካለው እጥፍ ይሆናል። ግፊቱ መነጽሩን ወደ ዓይን ይገፋዋል። የመጥለቂያ ማስክ ከሆነ በአፍንጫችሁ ትንሽ አየር ወደ ማስኩ ውስጥ ታስወጡና ይስተካከላል። ጎግል ከሆነ ማስተካከያ መንገድ የለም፣ የዓይን ደም ስር እስከ መበጠስ ይደርሳል። ፊትን በሙሉ የሚሸፍነው፣ አናቱ ላይ ቱቦ ያለው ማስክም እዚያ አለ። እሱ ከላይ ተንሳፍፎ ዓሣ ለማየት ነው። ይዛችሁት አትጥለቁ።

ሁለተኛው ሱቅ እዚያው ባህሩ ጋ ያለው ነው። የምትጠልቁበት ማዕከል ራሱ ብዙ ጊዜ ትንሽ መሸጫ ይኖረዋል፣ ባይኖረውም ማን እንደሚሸጥ ያውቃል። የኛ "የሰፈር ሱቅ" ይሄ ነው ብዬ ተቀብያለሁ። 750 ኪሎ ሜትር ይራቅ እንጂ የሰፈር ሱቅ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል፦ ትለካላችሁ፣ ትጠይቃላችሁ፣ ከተበላሸ ትመልሳላችሁ።

ሦስተኛው ኦንላይን ነው። ይሄኛው ለእኛ ሁለት መልክ አለው። አንዱ ራሳችሁ ከውጭ ድረ ገጽ የምታዙት ነው። ሌላው "ከዱባይ፣ ከአሜሪካ እናስመጣለን" የሚሉት የቴሌግራም አስመጪዎች ናቸው።

3. ዕቃውን በሦስት ክምር ለዩት

ሰው የሚሳሳተው "ሁሉንም ከሱቅ" ወይም "ሁሉንም ከኦንላይን" ሲል ነው። ዕቃው አንድ ዓይነት ስላልሆነ መልሱም አንድ አይሆንም። ገላ ላይ የሚለጠፍ ዕቃ አለ፣ ሕይወት የምታስይዙበት ዕቃ አለ፣ ቁጥሩን አይታችሁ ብቻ የምትገዙት ዕቃ አለ።

*ገላ ላይ የሚለጠፍ።* ማስክ፣ ፊን (እግር ላይ የሚጠለቀው የዳክዬ እግር የሚመስለው) እና ዌትሱት (ገላ ላይ የሚጣበቀው የጎማ የመጥለቂያ ልብስ)።

ማስክን ሳትለኩ አትግዙ። በቃ። በዋጋ ውድ የሆነው ማስክ ለእናንተ ፊት ላይሆን ይችላል፣ ርካሹ ደግሞ ልክክ ሊል ይችላል። አለካኩ እንዲህ ነው። ማሰሪያውን ወደ ፊት ገልብጡት። ማስኩን ያለ ማሰሪያ ፊታችሁ ላይ አስቀምጡና በአፍንጫ በቀስታ ወደ ውስጥ ሳቡ። እጃችሁን ልቀቁ። ፊት ላይ ተጣብቆ ከቀረ ጥሩ ነው። ሲስ የሚል ድምፅ ካለ ወይም ከወደቀ ወደ ሌላው እለፉ። ከዚያ የመተንፈሻውን የአፍ መያዣ ነክሳችሁ ደግማችሁ ሞክሩ፣ ምክንያቱም አፍ ሲከፈት ጉንጭ ይለወጣል። ፈገግም በሉ። ሻጩ ይስቅባችኋል፣ ይሳቅ።

መስታወቱ በሙቀት የጠነከረ መሆኑን፣ ዙሪያው ሲሊኮን መሆኑን እዩ። ርካሽ ፕላስቲክ ሲቆይ ይደርቃል። ሹሩባ የተሠራችሁ ከሆነ ደግሞ ፀጉሩ ከማስኩ ከንፈር ሥር እንዳይገባ ተጠንቀቁ፣ አንዲት ዘለላ ውሃ ለማስገባት ትበቃለች። የጎማ ማሰሪያው ፀጉር እየነጨ ካስቸገረ ሰፋ ያለ የጨርቅ ሽፋን ይደረግለታል። መነጽር የምታደርጉ ሰዎች ዕድለኞች ናችሁ። ለአንዳንድ የማስክ ሞዴሎች የሚገጠም የዓይን ቁጥር ያለው መስታወት ይሸጣል። ማስኩን ለክታችሁ ግዙ፣ መስታወቱን ግን በሞዴሉ ስምና በቁጥራችሁ ኦንላይን ማዘዝ ይቻላል።

አሁን ወደ ልብስ ሰፊው። ዌትሱት ኦንላይን ላዝዝ ስል ገጹ ላይ የደረት፣ የወገብ፣ የዳሌ እና የቁመት ልክ በሴንቲ ሜትር ተጠየቅሁ። ብልህ መስሎኝ ሰፈር ላሉት ልብስ ሰፊ አስለካሁ። ሜትር ይዘው እየዞሩ ጻፉልኝ። አዘዝኩ። መጣ። ለበስኩት። ሁለት ሰው ይይዛል። ተመልሼ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ልኩ እንዴት እንዲህ ሆነ?"

"ትንሽ ጨመር አድርጌ ነው የጻፍኩልሽ።"

"ለምን?"

"ልጄ፣ ሰው መተንፈስ የለበትም እንዴ?"

ልክ ናቸው፤ ለቀሚስ ቢሆን። ዌትሱት ግን የሚያሞቀው በገላና በጎማው መሐል የገባችው ጥቂት ውሃ ሳትቀያየር ስትቀር ነው። ከሰፋ ቀዝቃዛው ውሃ እየገባ እየወጣ የሞቀውን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ለዌትሱት ስትለኩ በዋና ልብስ ሆናችሁ፣ ሜትሩን ገላ ላይ አስነክታችሁ፣ አንዲት ሴንቲ ሜትር ሳትጨምሩ ለኩ። የምትችሉ ከሆነ ደግሞ ባህሩ ጋ ለብሳችሁ ግዙ። ውፍረቱ በምትሄዱበት ቦታ ይወሰናል። የጅቡቲ ውሃ በክረምታቸውም 25 ዲግሪ አካባቢና ከዚያ በላይ ስለሆነ 3 ሚሊ ሜትር ለብዙ ሰው ይበቃል። የግብፅ ቀይ ባህር በጥርና በየካቲት ወደ 21 እና 22 ዲግሪ ይወርዳል፣ እዚያ 5 ሚሊ ሜትር ይሻላል።

ፊን ላይ ብዙ አልልም። ተረከዙ ዝግ የሆነው በባዶ እግር የሚለበስ ነው። ተረከዙ ክፍት የሆነው በጎማ ቡትስ ነው፣ ቡትሱን መጀመሪያ ለኩ፣ ፊኑን በቡትሱ ላይ።

*ሕይወት የምታስይዙበት።* እዚህ ጋ ቀስ እንበል። ሬጉሌተር ማለት ከሲሊንደሩ የሚወጣውን ከፍተኛ ግፊት አየር ዝቅ አድርጎ፣ ባላችሁበት ጥልቀት ልክ ወደ አፋችሁ የሚያደርሰው መሣሪያ ነው። ሲሊንደሩ ሲሞላ 200 ባር አካባቢ ነው። የመኪና ጎማ ሁለት ባር ምናምን መሆኑን አስቡ።

ሬጉሌተር ሲገዛ አያልቅም። ብዙ አምራቾች በዓመት አንድ ጊዜ ወይም በ100 ዳይቭ (100 ጊዜ ከጠለቃችሁ በኋላ) ሰርቪስ ይደረግ ይላሉ፣ የቱ ቀድሞ ከደረሰ። ተፈትቶ ይጸዳል፣ የጎማ ቀለበቶቹ ይቀየራሉ፣ ግፊቱ ተለክቶ ይስተካከላል። ይህን የሚሠራው በዚያ ምርት የሠለጠነ ቴክኒሻን ነው። የሰፈራችን መካኒክ ቪትዝ ከሞት አስነስቷል፣ አምናለሁ። ሬጉሌተሬን ግን አልሰጠውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ዋጋው መሆን የለበትም። "በየዓመቱ የምሄድበት ቦታ ይህን ምርት ሰርቪስ የሚያደርግ አለ?" የሚለው ነው። ከሌለ ኦንላይን ያገኛችሁት ቅናሽ ምንም አይጠቅማችሁም። ወደምትጠልቁበት ማዕከል በዋትሳፕ ጻፉ፦ የትኛውን ምርት ሰርቪስ ታደርጋላችሁ? መለዋወጫ አለ ወይስ ይታዘዛል? ስንት ቀን ይፈጃል? ከሌላ የተገዛ ብናመጣ ዋስትናው ይሠራል? ሲሊንደሮቻችሁ ዲን ናቸው ወይስ ዮክ?

የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሏት። ሁለቱም ሬጉሌተሩ ሲሊንደሩ ላይ የሚገጠምባቸው መንገዶች ናቸው። ዲን የሚባለው ሲሊንደሩ ውስጥ ተጠምዝዞ የሚገባ ነው። ዮክ ደግሞ ከውጭ አቅፎ በቡሎን የሚጠብቅ። ዲን ገዝታችሁ ዮክ ብቻ ያለበት ከሄዳችሁ አስማሚ ካልያዛችሁ ጀልባው ላይ ተቀምጣችሁ ሰው ሲዘል ታያላችሁ።

ዋስትናም ሌላ ጣጣ ነው። ብዙ አምራቾች ዋስትና የሚሰጡት ዕቃው ከወኪላቸው ከተገዛ ብቻ ነው። ኦንላይን በጣም የረከሰ ካያችሁ ሻጩ ወኪል መሆኑን አምራቹ ራሱ ድረ ገጽ ላይ ካለው ዝርዝር አመሳክሩ፣ የሴሪያል ቁጥር ያለው ፎቶም ጠይቁ። ያገለገለ ሬጉሌተር በቴሌግራም? እኔ አልገዛም። እናንተም ባትገዙ ደስ ይለኛል።

ቢሲዲ፣ ማለትም አየር እየሞላችሁና እያስወጣችሁ የምትንሳፈፉበት ጃኬት፣ ከሁለቱም ክምር ነው፦ ይለካልም፣ ሰርቪስም ይፈልጋል። ከባድ ነው፣ ቦታም ይይዛል። እኔ እስካሁን እከራያለሁ።

*ቁጥሩን አይታችሁ የምትገዙት።* ኦንላይን የሚያሸንፈው እዚህ ነው። የዳይቭ ኮምፒውተር፣ ማለትም ጥልቀታችሁንና ጊዜያችሁን እየለካ እስከ መቼ መቆየት እንደምትችሉ የሚያሰላው መሣሪያ፣ እጅ ላይ ይታሰራል፣ የሁሉም ሰው እጅ ያስገባዋል። የሚለየው በባሕርይው ነው፣ ባሕርይው ደግሞ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ከፉሪ ለሚነሳ ሰው ሁለት ነገር እዩ።

አንደኛ ከፍታ። ከባህር ወለል ከ300 ሜትር በላይ ባለ ውሃ ውስጥ መጥለቅ የከፍታ ዳይቭ ነው፣ ስሌቱ ይለወጣል። የቢሾፍቱ ሐይቆች 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። አንዳንዱ ኮምፒውተር ከፍታውን ራሱ ያውቃል፣ አንዳንዱ በእጅ ይሞላል። በእጅ የሚሞላውን ከገዛችሁ ከመግባታችሁ በፊት ማየት ልማድ ይሁንባችሁ። ኮምፒውተሩን ለባህር ወለል ሞልታችሁ ከፍታ ላይ መጥለቅ አደገኛ ነው። በተገላቢጦሽ ከሆነ ጊዜያችሁን ያሳጥርባችኋል እንጂ አይጎዳችሁም።

ሁለተኛ ባትሪ። ራሳችሁ የምትቀይሩት ይሁን። ክብ የሰዓት ባትሪ አዲስ አበባ አይጠፋም። ፋብሪካ ብቻ የሚከፍተውን ገዝታችሁ ባትሪው ሲያልቅ ለሰዓት ጠጋኝ ብትሰጡት ይከፍትላችኋል፣ ይዘጋላችኋል፣ ውሃ ያስገባል።

ስኖርክል (ከላይ ተንሳፍፎ የሚተነፈስበት ቱቦ)፣ ፊሽካ፣ የውሃ ውስጥ ባትሪ መብራትም ከዚሁ ክምር ናቸው። ሲሊንደርና የእርሳስ ክብደት (ለመስመጥ የሚታሰረው ብረት) ግን ከየትም አትግዙ። ባዶ ሲሊንደር ፉሪ ምን ይሠራል? ለመሙላት ልዩ ኮምፕረሰር ይፈልጋል፣ ለምርመራም ጊዜ አለው። እርሳስ ደግሞ በሻንጣ ኪሎ ተከፍሎበት አይሄድም።

4. እውነተኛውን ዋጋ አስሉ

ድረ ገጹ ላይ የምታዩት ዋጋ ግማሽ ወሬ ነው። ለስሌት ያህል 200 ዶላር ኮምፒውተር እና 50 ዶላር ማጓጓዣ እንበል። ቀረጥ የሚሰላው በ250ው ላይ ነው። የቀረጡ መጠን በዕቃው ምድብ ይለያያል፣ 20 በመቶ ቢሆን 300 ይደርሳል። ከዚያ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ 345። ከዚያ 10 በመቶ ሱር ታክስ በድምሩ ላይ፣ ወደ 380። ሌሎች ትናንሽ ክፍያዎችን ሳንጨምር ነው። ከማዘዛችሁ በፊት ዕቃው በየትኛው ምድብ እንደሚቀረጥ ጠይቁ።

ብሩም አይቆምም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን ተሻገረ። ካርዳችሁ ውጭ አገር የሚከፍል መሆኑን እና ባንኩ በየትኛው ተመን እንደሚቆርጥባችሁ አስቀድማችሁ እወቁ። ጅቡቲ ላይም "በፍራንክ ነው" ብላችሁ አትዘናጉ። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ አንድ ዶላር 177.7 ፍራንክ። የምትከፍሉት ያው ዶላር ነው።

አድራሻም አለ። የኔ አድራሻ "ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር" ነው። የውጭ ድረ ገጽ ይህን አይቀበልም። ፖስታ ሣጥን ያለው መሥሪያ ቤት ወይም ዘመድ ፈልጉ፣ የሚሠራ ስልክ ቁጥር ጻፉ።

በአስመጪ ከሆነ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት የምርቱን ትክክለኛ ሞዴል፣ መጠንና ቀለም በጽሑፍ ላኩ። መጠኑ ቢሳሳት ኪሳራው የማን እንደሆነም በጽሑፍ ይመልሱ። በድምፅ መልእክት አይሆንም። "እናስተካክላለን" የሚለው መልስ ገንዘብ አይመልስም።

ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ማስያዝስ? ይሠራል፣ ለትንንሽ ዕቃ። አክስቴን ፊን ያዥልኝ ብላት፣ "የልጆቹን ልብስ አውጥቼ የዳክዬ እግር ልይዝልሽ ነው?" አለችኝ። ኮምፒውተሩን ግን እጇ ላይ አስራው መጣች። ሰዓት መስሏት ቤት እስክትገባ አላወለቀችውም።

5. ለየትኛው ዕቃ እውነተኛው የሰፈር ገበያ ያሸንፋል?

እውነት ለመናገር አንዳንዱን ነገር ከየትም አታዝዙ። የማስኩን የጨርቅ ሽፋን እኒያው ጋሼ ከአሮጌ የዋና ልብስ ሰፍተውልኛል፣ በዚያ ተካክሰናል። እርጥብ ዕቃ መያዣ መረብ ከረጢት በዶላር ይሸጣል። እኔ የቀዩን የሽንኩርት ጆንያ ነው የምጠቀመው፣ ውሃው ይንጠፈጠፋል። ማጠቢያ ሳፋ፣ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን፣ ሁሉም ገበያ አለ። አዲስ ማስክ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ስስ ሽፋን አለ፣ ካልተነሳ እንፋሎት እየያዘ ያስቸግራል። የጥርስ ሳሙና በጣት ቀብታችሁ መስታወቱን ከውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ እሹት። ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ ጠብታ የሕፃን ሻምፑ።

6. ከመንገዱ በፊት ገንዳ

ኦንላይን የመጣውን ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ባህር ላይ አትክፈቱት። ሆቴል ገንዳ ሄዳችሁ ማስኩን፣ ፊኑን፣ ዌትሱቱን ሞክሩ። ዌትሱት ለብሶ ገንዳ የሚገባን ሰው ሕዝቡ ያያል፣ ቻሉት። የሚመለስ ነገር ካለ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ የምታውቁት እዚህ ነው።

በአውሮፕላን ከሆነ ሬጉሌተርና ኮምፒውተር በእጅ ሻንጣ። የሊቲየም መለዋወጫ ባትሪም በእጅ ሻንጣ፣ ጫፎቹ ተሸፍነው። ቢላ ካላችሁ ወደ ታችኛው ሻንጣ።

7. የምትገዙበት ቀን

ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ሦስተኛው ጉዞዬ ላይ ነው የገባኝ። ከዳይቭ በኋላ ቶሎ መብረር አይቻልም። ደም ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ግፊት ሲቀንስ አረፋ ሊፈጥር ይችላል። የጠላቂዎች ደህንነት ድርጅት የሆነው ዳን፣ ለአንድ ዳይቭ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ጠብቁ ይላል። "እኔ በባቡር ነኝ" አትበሉ። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ያህል ነው፣ አዲስ አበባም ከዚያ ብዙም አታንስም። ቤታችሁ ቡና መጠጣት ከግፊት አንጻር አውሮፕላን ውስጥ እንደመቀመጥ ነው። በባቡርም በመኪናም ወደ ከፍታ መውጣት ያው መውጣት ነው።

ስለዚህ የጉዞው የመጨረሻ ቀን ባዶ ነው። ሰው ይሰለቻል። እኔ ያን ቀን የሱቅ ቀን አደረግሁት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እያከራዩኝ የተለያየ ማስክና ሬጉሌተር እሞክራለሁ፣ የትኛው እንደተመቸኝ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። በመጨረሻው ቀን ልክ እዚያው ሞዴል ላይ ጣቴን አስቀምጬ "ይሄ ስንት ነው?" እላለሁ። ሻጩ ሌላ ሊያሳየኝ ይሞክራል። ኦንላይን ስንት እንደሆነ ስልኬ ላይ አሳየዋለሁ፣ ቀረጡን ግን አልነግረውም። ትንሽ ይቀንሳል። የመጀመሪያውን ሰርቪስ በነጻ ካደረገልኝ ሳልከራከር እገዛለሁ።

ከዚያ ዕቃዬን በሽንኩርት ጆንያዬ ይዤ ለቡ እወርዳለሁ። የባጃጁ ልጅ ሁልጊዜ "ሽንኩርት ጅቡቲ ረከሰ እንዴ?" ይለኛል።